የመድረክ ጽሑፎቻችንን ማን ይመዝግብልን?

ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከዘመናዊው የኢትዮጵያ ቲያትር ጀማሪዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። «አፋጀሽኝ» የተባለውን ተውኔቱን ስሙን ያልሰማ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለመድረክ ካበቃቸው ሥራዎች ብዙዎቹን ዛሬ እናንብብ ብንል ሙሉ ጽሑፋቸው አይገኝም። ለመሆኑ አንድ ቲያትር ታይቶ ካበቃ በኋላ ጽሑፉ የት ይገባል?

የእንግሊዝን ልምድ እንመልከት። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1843 በወጣ ሕግ መሠረት፣ አዲስ ተውኔት የሚያሳይ ቲያትር ቤት የጽሑፉን ቅጂ ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት ሎርድ ቻምበርሌይን ለሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ማስገባት ነበረበት። መርማሪው ክፍያ ተቀብሎ ያነባል፤ ያልወደደውን ቃል ያስወጣል፤ ሲብስም ተውኔቱን ይከለክላል። የተውኔቱ ርዕስ፣ የሚታይበት ቲያትር ቤትና ፈቃድ ያገኘበት ቀን በመዝገብ ይሰፍራል። ቅጂው እዚያው ይቀራል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1968 ቢሻርም ከ1824 ጀምሮ የተከማቹት በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ከዚያ ቅጂ በቀር ታትመው አያውቁም። ለቁጥጥር የተቋቋመ ቢሮ ሳያስበው የቲያትር ግምጃ ቤት ሆነ ማለት ነው።

በእኛም አገር ቁጥጥር ነበረ። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ ከታየ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቲያትር ተከልክሎ ቆይቷል። በኋላም በንጉሡና በደርግ ዘመን ጽሑፍ ከመድረክ በፊት ይመረመር ነበር። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከለከለው። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም የሳንሱር መቅረት ብቻውን ጽሑፍ አያስቀምጥም።

ዛሬ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ይዟል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት ተውኔት ለማሳየት ፈቃድ የሚጠየቀው ደራሲው ነው፤ ከሞተ በኋላም መብቱ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጸናል። ዮፍታሔ ያረፈው በ1939 ዓ.ም. ስለሆነ ይህ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። የደብረ ማርቆስ ወጣቶች ሥራዎቹን ወደ መድረክ እንመልስ ቢሉ እንቅፋት የሚሆንባቸው የጽሑፎቹ አለመገኘት እንጂ ሕግ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ምዝገባ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ተውኔት ርዕሱን፣ የደራሲውን ስም፣ የመጀመሪያውን ንግግር፣ የገጹንና የገጸ ባሕርያቱን ብዛት፣ የታየበትን ቦታና ቀን የያዘ አንድ ካርድ ይበቃል። የመጀመሪያው ንግግር የሚመዘገበው አንድ ተውኔት በሁለት ርዕስ ሊጠራ ስለሚችል ነው። ቅጂውም ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢቃጠል ወይም ምስጥ ቢበላው ሌላው ይተርፋል። ቲያትር ቤቶች፣ የትምህርት ቤት ክበባትና ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ነገ መጀመር ይችላሉ። በየቤቱ ሣጥን የተቀመጠ የአባት ደብተርም ለጉልት በርበሬ መጠቅለያ ከመሆኑ በፊት አንድ ሰው ገልጦ ይየው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ወራሽ ግን ውርሱ የት እንዳለ ማወቅ አለበት።