ሰው በለቀቀው ከተማ ውስጥ አራዊትን በፊልም ማንሣት

በመካከለኛው አሜሪካ፣ በጓቴማላ ሰሜናዊ ክፍል፣ ዛፍ ከዛፍ ተያይዞ ሰማይን የሚጋርድበት ታላቅ ደን አለ። በዚህም ደን መካከል የጥንት የማያ ሕዝብ ከተማ የነበረችው ቲካል ፈርሳ ትገኛለች። ከቤተ መቅደሶቿ አንዱ ከፍታው 65 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ጫፉ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብሎ ከሩቅ ይታያል። ስለ ማያ ሕንፃዎች ብዙ ተጽፏል፤ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ግን በዚያ ፍርስራሽ መካከል ስለሚኖሩት አራዊትና እነርሱን በፊልም ለማንሣት ስለሚደክሙት ሰዎች ነው።

የነገሩ ሥር ውሃ ነው። በቲካል አጠገብ የሚፈስ ወንዝ የለም። ስለዚህ የጥንቶቹ ነዋሪዎች አደባባዮቻቸውን በኖራ ለስነው፣ የዝናቡን ውሃ ወደ ሠሯቸው ታላላቅ ኩሬዎች ያወርዱት ነበር። በ9ኛው መቶ ዓመት ግን ድርቅ ተደጋገመ። ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹትም፣ በከተማዋ መካከል የነበሩት ኩሬዎች በሜርኩሪና መርዝ በሚያፈልቅ የውሃ ሽበት ተበክለው ነበር። በቲካል ከተገኙት ዘመን የተቀረጸባቸው ሐውልቶች የመጨረሻው የ869 ዓመት ነው፤ ከዚያም ሕዝቡ ቀስ በቀስ ለቆ ሄደ፤ ከተማዋንም ደን ዋጣት።

ሰው የቆፈረውን ኩሬ ዛሬ የወረሱት አራዊት ናቸው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው የደረቅ ወራት ውሃ ያልነጠፈበት ስፍራ ጥቂት ነውና፣ የዱር ቱርክ፣ የጫካ ዐሣማ፣ አፍንጫው እንደ አጭር ኩምቢ የረዘመው ታፒርና ከነብር የሚገዝፈው ጃጓር ወደዚያው ይወርዳሉ። ፊልም አንሺውም አውሬን በደን ውስጥ ከማሳደድ ይልቅ በውሃው ዳር መጠበቅን ይመርጣል።

ሆኖም ጃጓር ሰው ባለበት ብዙ ጊዜ አይቀርብም። ስለዚህ ሰውየው ካሜራውን በጉልበት ከፍታ ከግንድ ጋር አስሮ ይሄዳል፤ ሙቀት ያለው አካል ሲያልፍ መሣሪያው ራሱ ይነቃል፣ ሌሊትም ለዓይን በማይታይ ብርሃን ያነሣል። በጃጓር ቆዳ ላይ ያለው ነቁጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የቀኝና የግራ ጎኑም አይመሳሰልም። ስለዚህ ጥናት የሚያደርጉት ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ያቆማሉ፤ እንዲህ በማድረግም አንዱን እንስሳ ሁለት ጊዜ ከመቍጠር ይድናሉ።

ድካሙ ቀላል አይደለም። እርጥበቱ መስተዋቱን ያደበዝዛል፤ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ጉንዳንም በሣጥኑ ውስጥ ይሰፍራል። ጎሕ ሲቀድ ጯኺዎቹ ጦጣዎች ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ ለጉዳዩ እንግዳ የሆነ ሰው አንበሳ ያገሣ ይመስለዋል። ረጃጅም እጅ ያላቸው ሌሎቹ ጦጣዎች ደግሞ ከላይ ሆነው ቅርንጫፍ እየሰበሩ በካሜራው ባለቤት ላይ ይወረውራሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለመዝናኛ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ቲካል በ1955 ብሔራዊ ፓርክ ሆነች፤ በ1979ም ስለ ቅርሷና ስለ ተፈጥሮዋ በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። በዙሪያዋ ያለው ሰፊ ደን በ1990 በሕግ ቢከለልም፣ በምዕራብ በኩል ብዙው ለከብት ግጦሽ ሲባል ተቃጥሏል። ጃጓር ለመኖር ሰፊ አገር ያስፈልገዋልና፣ ግልገሎቿን አስከትላ ኩሬ ዳር የታየች አንዲት እናት ደኑ ገና ሕይወት እንዳለው ትመሰክራለች። በየዓመቱ ስትታይ ኖራ የጠፋች እንደ ሆነም ካሜራው ያንኑ ሳይሸሽግ ይናገራል።

የማያ ሰዎች ኩሬውን የቆፈሩት ለልጆቻቸው ነበር። ውሃው ከድቷቸው ሄዱ፤ የእጃቸው ሥራ ግን ያላሰቡትን ፍጥረት ያጠጣል። ዛሬ ደኑን የሚያቃጥለውና የሚጠብቀው ሰውም ከእርሱ በኋላ ማን እንደሚጠጣ ቢያስብ መልካም ነው።