ጡንቻው ሲዝል አንጎሉ ነቅቶ እንዳይቀር

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ በመተንፈሻ ማሽን የሚረዳ የሁለት ዓመት ልጅ «ትንሽ ታገስ» ቢሉት አይገባውም። ጉሮሮው ውስጥ የገባው ቱቦ ያስለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ እጁም ሊነቅለው ይሄዳል። ማሽኑ አየር ሲያስገባ እሱ ሊያስወጣ ይታገላል። ስለዚህ እንደ ሚዳዞላም ያለ ማረጋጊያ፣ እንደ ፈንታኒል ወይም ሞርፊን ያለ የሕመም ማስታገሻ በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

ችግሩ የቆየ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገኑ የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜ የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን አንገቷ ተቀድዶ ቱቦ የገባላትን የ12 ዓመት ልጅ ሊያስተነፍስ ሲሞክር ታግላ አስቸገረችው። በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት ሳንባዋን መሙላት የቻለው በማደንዘዣ ካደከማት በኋላ ነው።

ሳንባው ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ ማረጋጊያ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ያኔ ቬኩሮኒየም ወይም ሮኩሮኒየም ይጨመራል። እነዚህ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ አግደው ገላውን ያሽመደምዳሉ፤ ልጁ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። የሁሉም አያት የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚነክሩበት ኩራሬ የተባለ መርዝ ነው።

አስፈሪው ነገር እነዚህ መድኃኒቶች እንቅልፍ አለማምጣታቸው፣ ሕመምም አለማስታገሳቸው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ስኮት ስሚዝ ይህን በራሱ ገላ ፈትኗል፦ ያለ ማደንዘዣ ከኩራሬ የተገኘውን መድኃኒት ተወግቶ ሙሉ በሙሉ ሽባ ሲሆን ሁሉን ይሰማ፣ ሁሉን ያስተውል ነበር። ውጤቱ በ1947 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስለዚህ ማሽመድመጃው ሳይጀመር በፊት ልጁ በደንብ መደንዘዝ አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይመስለኝም።

የማሽመድመጃውን ልክ ማወቂያው ቀላል ነው። ነርሷ የእጁ አንጓ ላይ በለጠፈችው ሽቦ አራት ተከታታይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ትልክና አውራ ጣቱ ስንቴ እንደተነቃነቀ ትቆጥራለች። አንዴ ወይም ሁለቴ ከሆነ ልክ ነው፤ ጭራሽ ካልተነቃነቀ መድኃኒቱ በዝቷል። ዓይኑ ስለማይርገበገብ እንዳይደርቅ ቅባት ይቀባል። የልብ ምቱ በድንገት ከፈጠነና እንባው ከፈሰሰ ምናልባት አሞታል ማለት ነው፤ መናገሪያ ሌላ መንገድ የለውም።

ማስታገሻው ለቀናት ከተሰጠ በኋላ ባንዴ አይቆምም። ገላው ስለለመደው ልጁ ይነጫነጫል፣ ያልበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስለታል።

ልጅዎ በዚህ ሁኔታ ካለ አጠገቡ ሆነው ስሙን ጠርተው ያነጋግሩት። ተስፋ የሚያስቆርጥ ወሬ ከክፍሉ ውጭ ይሁን። ሐኪሙንም «የሕመም ማስታገሻው እየደረሰው ነው?» ብለው ከመጠየቅ አይፈሩ።