ቀስት ለመሥራት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነሣ ሰው



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ቀስት የሚለው ቃል በብዛት የሚሰማው በዳዊት ንባብና በቀስተ ደመና ስም ነው። ደገኛው ለጦርነት የያዘው ጦርና ጋሻን፣ ኋላም ጠመንጃን ነበርና። ይሁን እንጂ ቀስት ከቤቱ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን ምንድን ነው? የታጠፈ እንጨትና የተወጠረ ጅማት ነው። አዝማሪው መሰንቆውን የሚገዘግዝበትስ? እርሱም የታጠፈ እንጨትና የተወጠረ የፈረስ ጭራ ነው። ስለዚህ ጫፉ ወደ ፊት የተቀለበሰ ቀስት በእጁ ለመሥራት የሚመኝ የዚህ አገር ወጣት አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በመጀመሪያ ጥጥ ሲነደፍ ቀረብ ብሎ ይመልከት።

የተፈለቀቀው ጥጥ ተዘርግቶ የደጋኑ ጅማት በላዩ ሲመታ፣ ጅማቱ ይርገበገባል፤ ጥጡም ይፍታታል፤ ከዚያ በኋላ አመልማሎ ሆኖ ለእንዝርት ይዘጋጃል። እንጨቱ ጅማቱን ዘወትር ወጥሮ ይይዛል፤ ጎንበስ ብሎ ቢቀር ግን ጅማቱ ይላላል፤ ሥራውም ይቆማል። ቀስትም ከዚህ የሚለየው ያከማቸውን ኀይል ለፍላጻ በማስረከቡ ብቻ ነው። ከሁለቱም የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ታጥፎ መመለስ ነው።

ስለ እንጨቱ ምርጫ ሲነሣ ሁሉም አስቀድሞ ወይራን ያስባል። ወይራ ጠንካራ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን አድጎ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ይፈጃል፤ በአገራችንም ያረጀ ወይራ የሚገኘው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ተጠንቶ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጽሑፍ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቍጥቋጦዎችና ሐረጎች መገኘታቸው ተገልጿል። ይህን የመሰለ ሀብት ለጀማሪ እጅ መለማመጃ ማድረግ አይገባም፤ የመጀመሪያው ቀስት ብዙውን ጊዜ ይሰበራልና። በተራቈተው ገደል ዳር ፈጥኖ የሚበቅለው ክትክታ ለመማር ይበቃል። ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት፣ ክሩ ያልተጠማዘዘ፣ ርዝመቱም የሠሪውን ቁመት ያህል የሆነ እንጨት ይመረጥ።

እንጨቱ እንደ ተቈረጠ ሁለቱ ጫፎች በሰም ይደፈኑ፤ ርጥበቱ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ሲወጣ እንጨቱ ይሰነጠቃልና። ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ጥቂት ወራት ይቀመጥ። ምድጃ አጠገብ ሰቅሎ ለማድረቅ መቸኰል ልፋቱን ሁሉ ያጠፋል። እርጥብ እንጨት እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ ነገር ግን እንደ ታጠፈ ይቀራል።

እንጨት ሲታጠፍ የውጭው ገጹ ይሳባል፤ የውስጡ ይጨመቃል። ወደ ዒላማው የሚመለከተው የውጭው ገጽ፣ ማለት የቀስቱ ጀርባ፣ ቅርፊቱ ብቻ በጥንቃቄ ይላጣል እንጂ ብረት አይነካውም። በዚያ በኩል አንድ ክር ቢቈረጥ ስንጥሩ የሚነሣው ከዚያው ነው። የሚጠረበው ወደ ሳቢው በሚመለከተው በሆዱ በኩል ነው። መካከሉ ለመጨበጫ ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱ ክንፎች ወደ ጫፍ እየቀጠኑ ይሄዳሉ።

ጫፎቹን ለመቀልበስ በአገራችን ዱላ የሚያቀኑ ሰዎች እሳት እንደሚጠቀሙ ሁሉ እዚህም ሙቀት ያስፈልጋል። ጫፉ በሚፈላ ድስት እንፋሎት ላይ ይቆይ፤ ለ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ወዲያው በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ወደ ጀርባው በኩል ታጥፎ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ታስሮ ይቆይ። ጅማቱ በተቀለበሰው ጫፍ ላይ ተኝቶ፣ ሲሳብ ቀስ በቀስ ስለሚነሣ፣ ቀስቱ ገና ከጅምሩ ብዙ ኀይል ያከማቻል። ነገር ግን ቅልባሹ ሲበዛ ባዶ እንጨት አይችለውም። የጥንት ሰዎች በሆዱ በኩል ቀንድ፣ በጀርባው በኩል ጅማት በሙጫ የለጠፉበት ምክንያት ይኸው ነው፤ በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተገኘው በቱታንኻሙን መቃብር ውስጥም እንዲህ የተሠሩ ቀስቶች ነበሩ። ጀማሪ ግን በጥቂት ቅልባሽ ይርካ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። ቀስቱ ሲሳብ ሁለቱ ክንፎች እኩል መታጠፍ አለባቸው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ አንዱ ክንፍ የሚታጠፍ፣ ሌላው የማይታጠፍ ሆኖ ሲያገኘው የሚታጠፈውን ይበልጥ ይፍቀዋል። ይህ ደካማውን ማድከም ነው። መፋቅ ያለበት አልታጠፍም ያለው ቦታ ነው፤ የሚታጠፈው አይነካም። የሚፋቀውም በጥቂቱ ይሁን። የእንጨት ግትርነት የሚለካው ውፍረቱ በሦስት ጊዜ ብዜት ነውና፣ ከውፍረቱ አንድ ዐሥረኛ ቢነሣ ከግትርነቱ ከሩብ በላይ፣ ማለት 27 በመቶ ያህል ይጠፋል። አንዴ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። እንግዲህ ጥቂት ፍቆ፣ በቀስታ ደጋግሞ ስቦ፣ ከሩቅ ቆሞ ቅርጹን መመልከት ነው። በዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ የሚያጠፋ ሰው ብልህ ነው፤ በአንድ ሰዓት የጨረሰው ግን ሁለተኛ እንጨት ፍለጋ ይሄዳል።

ሲስብ አስቀድሞ ከጉልበት በታች፣ ቀጥሎ እስከ ወገብ፣ በመጨረሻም እስከ ደረት ይሁን፤ በየደረጃውም ከ30 ጊዜ በላይ ይሳብ። እንጨቱ ጩኸት ቢያሰማ ወዲያው ይቁም፤ ጀርባውንም በጣት ይዳስስ። ፍላጻ ሳይኖርበት የተሳበ ጅማት ፈጽሞ አይለቀቅ፤ ለፍላጻው የታሰበው ኀይል ወደ እንጨቱ ተመልሶ ይሰብረዋልና። ሕፃናትና ከብት በሚያልፉበት መንገድ ላይም መሞከር አይገባም፤ ከበስተ ኋላው አፈር የሆነ ግድግዳ ያለበት ስፍራ ይፈለግ።

በየቀኑ ሥራው ሲያበቃ ጅማቱ ከአንዱ ጫፍ ወልቆ፣ ቀስቱ ከምድጃው ርቆ በደረቅ ስፍራ ላይ ይሰቀል።