ስለ ሰነበተ የወገብ ሕማም፤ እጅ ሲያሽ ቃል ምን ያደርጋል

የወገብ ሕማም በዓለም ሁሉ ሰውን ከሥራው ከሚያስቀሩ ደዌያት የሚቀድመው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2020 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) 619 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕማም ነበረባቸው። ከመቶው 90 ያህሉ በታወቀ ስብራት ወይም በሽታ የመጣ አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ ሲቈይም የሰነበተ ሕማም ይባላል።

በኢትዮጵያ ባላገር ወገቡን የታመመ ገበሬ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻውም ቅቤ ቀብቶ ያሸዋል፤ ገበሬውም ለጊዜው ይቀለዋል። ነገር ግን እያሸ «አጥንትህ ወልቋል፤ ከእንግዲህ ወዲህ አትጐንበስ» ያለው እንደ ሆነ፥ እጁ ያቀለለውን ቃሉ መልሶ ያከብደዋል። ሰውዬው ፈርቶ ሞፈርና ቀንበሩን ለልጁ ይተዋል፥ ልጁም ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ አባቱም ተኝቶ ሲውል ጡንቻው ይደክማል፥ ከደከመም ወዲያ ትንሽ ቢነሣ የበለጠ ያመዋል።

እንዲህ ያለው ቃል ከወጌሻ አፍ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ ሐኪምም ሥዕል አሳይቶ «የአከርካሪህ ዲስክ አርጅቷል» ሲል ይሰማል። ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ነው። በ2015 የታተመ አንድ ምርመራ እንዳሳየው ግን፥ ምንም ሕማም ከሌላቸው ሰዎች መካከል ከ20 ዓመት ወጣቶች ከመቶው 37ቱ፥ ከ80 ዓመት ሽማግሌዎችም ከመቶው 96ቱ እንዲህ ያለ ዲስክ አላቸው። ነገሩ እንደ ሽበት ነው፤ ሽበቱ ያመመው ሽማግሌም የለም።

የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴካርት፥ ከሞተ በኋላ በ1664 በታተመው መጽሐፉ፥ ሕማምን በደወል ገመድ መስሎታል፤ ገመዱ ከታች ሲሳብ ደወሉ ከላይ ይጮኻል። በ1965 ግን ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሊቃውንት መልእክቱ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ በር እንዳለበት ሁሉ እንደሚያልፍና እንደሚታገድ፥ አንጎልም በሩን ሊከፍትና ሊዘጋ እንደሚችል አስረዱ። ሌባ አይቶ የደነገጠ ውሻ ከዚያ ወዲያ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቍጥር እንደሚጮኽ፥ የሰነበተ ሕማምም ጉዳቱ ከዳነ በኋላ ሊጮኽ ይችላል። ቢሆንም ሕማሙ እውነተኛ ነው፤ በሽተኛውን «አሳብህ ነው» ማለት ነውር ነው።

ማሸትም የወለቀ አጥንት አይመልስም፤ የዳሰሳው ስሜት ሕማሙን ለጥቂት ጊዜ ያበርደዋል። ትምህርቱ የሚጠቅመው በዚያች ጊዜ ነው፤ «ወገብህ ጽኑ ነው፤ ማመሙ ሁሉ መሰበር አይደለም» ተብሎ ቢነገረውና ዛሬ እስከ ምንጩ፥ ከጥቂት ቀን በኋላም እስከ እርሻው ቢሄድ ፍርሃቱ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ትምህርትን፥ እንቅስቃሴንና ማሸትን ሲደግፍ፥ የወገብ መታጠቂያንና ወገብን መጐተትን አልደገፈም።

ነገር ግን ሽንት ወይም ሰገራ መቈጣጠር ያቃተው፥ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፥ እግሩ የሰነፈ፥ ትኵሳት ያለበት ወይም ያለ ምክንያት የከሳ፥ ከከፍታም የወደቀ ሰው አይታሽ። የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም ይይዛልና፥ እንዲህ ያለው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።