ኤስፖዚቶ ስለሚባለው የኢጣልያ የቤተ ሰብ ስም

በናፖሊ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ኤስፖዚቶ!» ብሎ የሚጣራ ጸሓፊ አቤት የሚለው ሰው ከአንድ በላይ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ስም በናፖሊ ከሁሉ ይልቅ የበዛ የቤተ ሰብ ስም ነው። በመላው ኢጣልያም ቢቈጠር ከሮሲና ከሩሶ ከፌራሪም ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ አራተኛ ሆኖ ይገኛል። ዳሩ ግን ከእነዚህ ከሦስቱ ጋራ በብዛት ቢተካከልም በትውልዱ አይመስላቸውም። ሮሲና ሩሶ ከቀይነት የወጡ ስሞች ናቸው፤ ይኸውም የቀደመው አባት ጠጕሩ ወይም መልኩ ቀላ ያለ ስለ ነበረ ነው። ፌራሪም ከብረት ቀጥቃጭ ሞያ የመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ አባት በመንደሩ የታወቀበትን ነገር ለልጁ ያወረሰባቸው ስሞች ናቸው። ኤስፖዚቶ ግን አባቱ ላልታወቀ ልጅ የተሰጠ ስም ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። ኤክስፖዚቱስ ማለት ወደ ውጭ የተቀመጠ፣ ከደጅ የተጣለ ማለት ነው። በጥንት የሮማ ዘመን አባት ሊያሳድገው ያልወደደውን ሕፃን ከቤት አውጥቶ በመንገድ ዳር ወይም በአደባባይ ያስቀምጠው ነበር፤ ያነሣው ሰውም ይወስደው ነበር። ሕፃኑ የተገኘበት ነገር ስም ሆኖ እንዲቀርለት ማድረግ እንግዳ ነገር አይደለም። መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ሙሴም በወንዝ ዳር በሣጥን ተቀምጦ እንደ ተገኘና ስሙም ከውኃ ከመውጣቱ ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ ያስታውሳል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሙሴ ስም የሚናገረው ስለ መዳኑ ሲሆን የናፖሊው ስም የሚናገረው ግን ስለ መጣሉ ነው።

በኢትዮጵያ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ልጁም ደግሞ የእርሱን ስም ከራሱ ስም በኋላ ያስከትላል። ስለዚህ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። በኢጣልያ ግን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ አንድ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርድ ጀመር። ልማዱ በመዝገብ የጸናውም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1563 ዓመት የተፈጸመው የትሬንቶ ጉባኤ የየደብሩ ካህናት ጥምቀትንና ጋብቻን በመዝገብ እንዲጽፉ ካዘዘ በኋላ ነው። መዝገብ ባለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሥፍራ መሙላት ግድ ይሆናል። የአባቱ ስም የማይታወቅ ሕፃን ወደ ጥምቀት ሲመጣ ጸሓፊው አንድ ነገር መጻፍ ነበረበት፤ በናፖሊ የጻፈውም ያየውን ነው፤ ኤስፖዚቶ።

ይህ ስም የበዛበት ቤት በናፖሊ በፎርቼላ ሠፈር እስከ ዛሬ ቆሞ የሚገኘው የአኑንዚያታ ቤት ነው። ስሙ የእመቤታችንን የብሥራት በዓል የሚያመለክት ሲሆን የተመሠረተውም በ14ኛው መቶ ዓመት በአንዡ ነገሥታት ዘመን ነው። ቤተ ክርስቲያንና ሆስፒታል የሙት ልጆችም ማሳደጊያ በአንድነት ነበሩበት። ቤተ ክርስቲያኑ በ1757 ዓመት በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ሉዊጂ ቫንቪቴሊ የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ እንደ ገና ሠራው፤ እርሱ ሲሞት ደግሞ ልጁ ካርሎ ፈጸመው።

ከዚህ ሁሉ ሕንፃ ይልቅ ግን የሰው ዓይን የሚያርፈው በግድግዳው ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ላይ ነው። ከቀዳዳዋ በስተኋላ እንደ በርሜል ያለ በዘንግ ላይ የሚዞር እንጨት ነበረ፤ ይህም መንኰራኵር ይባላል። ሕፃኑን ያመጣው ሰው ከመንገድ በኩል ሆኖ ሕፃኑን በውስጡ ያስተኛና ያዞረዋል፤ ደወልም ይደውላል። በውስጥ ሌሊቱን ሁሉ ተረኛ ሆና የምትጠብቅ ሴት ሕፃኑን ትቀበላለች። የሰጠውና የተቀበለችው አይተያዩም። የመንኰራኵሩ ጥበብ ሁሉ ይህ ነው። እናቲቱን ከኀፍረት፣ ሕፃኑንም በሌሊት ብርድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በወንዝ ዳር ከመሞት ለማዳን ታስቦ የተሠራ ነው። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን መስጠቱን ያቀለለ ነገር ሰጪውንም ሳያበዛው አልቀረም፤ በየዓመቱ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሕፃናት በዚያች ቀዳዳ ይገቡ ነበር።

ከገቡት ሁሉ የዲቃላ ልጆች ብቻ እንዳልነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በሕግ የተጋቡ ድሆች በረኃብ ዓመት፣ ወይም እናት ወተት ስታጣ፣ ወይም አባት ሲሞት ልጃቸውን ወደ መንኰራኵሩ ያመጡ ነበር። ብዙዎቹም አንድ ቀን ተመልሰው ልጃቸውን ለመውሰድ ተስፋ ያደርጉ ነበርና ለመታወቂያ አንድ ነገር ከሕፃኑ ጋራ ይተዋሉ፤ ቍራጭ ጨርቅ፣ ትንሽ ሥዕል፣ ስሙን የያዘ ወረቀት፣ ወይም ለሁለት የተሰበረ ሜዳልያ። በፊሬንጼ ከተማ ብሩኔሌስኪ በነደፈው የኢኖቼንቲ ቤት፣ ማለት የንጹሓን ሕፃናት ቤት፣ እነዚህ ግማሽ ሜዳልያዎች ዛሬ በቤተ መዘክር ተደርድረው ይታያሉ። ሌላው ግማሽ ከእናት ዘንድ ቀርቶ ነበር። ያ ቤት በ1445 ዓመት ሲከፈት የመጀመሪያዪቱ ሕፃን የካቲት መባቻ አካባቢ በቅድስት አጋታ በዓል ቀን ስለ መጣች አጋታ ተብላ ተጠመቀች።

በናፖሊ ጸሓፊው ሕፃኑ የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ የለበሰውን ጨርቅ፣ አብሮት የተገኘውን ምልክትና ዕድሜው ስንት እንደሚመስል በመዝገብ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት የእርሳስ ማኅተም በክር ከአንገቱ ይታሠርለታል። ሕዝቡም እነዚህን ልጆች «የማዶና ልጆች» ይላቸው ነበር። ይህ አጠራር የጸሓፊው መዝገብ ከሰጣቸው ስም ይልቅ የተሻለ ነበር፤ በመዝገብ ጸንቶ የቀረው ግን የጸሓፊው ነው።

ቤቱ በመጀመሪያ ባለጸጋ ነበር። የነገሥታት ስጦታ፣ ርስትና የመኳንንት ኑዛዜ ተከማችቶለት በ1587 ዓመት የራሱን ባንክ እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። ነገር ግን ባንኩ በ1702 ዓመት ከሰረ፤ የሕፃናቱም ቤት በዕዳ ተያዘ። የምሕረት ቤት ገንዘብ ከንግድ ገንዘብ ጋራ ሲደባለቅ የመጨረሻውን ዕዳ ማን እንደሚከፍል ይህ በግልጥ ያሳያል፤ በአንድ አጥቢ ሴት ጡት ላይ ብዙ ሕፃናት ይደራረቡ ነበርና። በቤቱ ከሚቀሩት ይልቅ በገጠር ላለች አጥቢ የሚሰጡት በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው ይሻል ነበር። ቢሆንም ከገቡት መካከል እጅግ ብዙዎቹ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ያልቁ ነበር።

የዳኑት አንዳንዶቹ አጥቢቱ ልጄ ብላ ታስቀራቸዋለች፤ ወንዶቹ ሞያ ይማራሉ፤ ሴቶቹም እስኪያገቡ በቤቱ ይኖራሉ፤ ሲያገቡም ለመዳሪያ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። ከናፖሊ ወጥቶ ስሙ በካምፓንያ አውራጃ መንደሮች ሁሉ የተዘራበት ዋናው መንገድ ይህ ነው። ሕፃኑ ከአጥቢቱ ጋራ ወደ ገበሬ ቤት ይሄዳል፤ እዚያው ያድጋል፤ እዚያው ያገባል፤ ልጆቹም ኤስፖዚቶ ይባላሉ።

ሌሎች ከተሞችም የየራሳቸው ስም ነበራቸው። በሮማ ፕሮዬቲ ይባሉ ነበር፤ ትርጕሙ የተወረወሩ ማለት ነው። በፊሬንጼ ከቤቱ ስም ወስደው ኢኖቼንቲ ወይም ዴልይኖቼንቲ ይሏቸው ነበር። በቦሎኛ ዴልዪ ኤስፖስቲ የሚለው ስም ይገኛል። በሚላኖ የታላቁ ሆስፒታል ምልክት ርግብ ስለ ነበረ ኮሎምቦ የሚል ስም ይሰጥ ነበር፤ ኮሎምቦ ማለት ርግብ ነውና። እርግጥ ነው፤ ኮሎምቦ የሚባል ሁሉ ከዚያ ሆስፒታል የወጣ አይደለም፤ አሜሪካን ያገኘው የጄኖቫ ሰው ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ከዚህ ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለም። የሚላኖ ሰዎች በዚህ ረገድ ከናፖሊ ሰዎች ይልቅ ርኅራኄ አሳይተዋል ማለት ይቻላል። ርግብ የሚባል ሰው አያፍርም፤ የተጣለ የሚባል ግን በየደረሰበት ነውሩን ራሱ ይናገራል።

ነውሩም የአፍ ብቻ አልነበረም። ሥራ ፈላጊው፣ ሚስት የሚያጭው፣ በዳኛ ፊት ምስክር ሆኖ የሚቆመው ሁሉ ስሙን በተናገረ ጊዜ ትውልዱን ይገልጥ ነበር። በእስፓኝም ይኸው ስም ኤክስፖሲቶ ተብሎ ይሰጥ ነበርና ንጉሥ ካርሎስ አራተኛ በ1794 ዓመት ባወጣው አዋጅ ተጥለው የተገኙ ልጆች በሕግ እንደ ተወለዱ እንዲቈጠሩ፣ ዲቃላ እያለ የሚሰድባቸውም እንዲቀጣ አዘዘ። ስሙን ግን ሳይነካው ቀረ።

በናፖሊ ስሙን ራሱን የነካው ዮአኪም ሙራ ነው። ይህ ሰው የፈረንሳይ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ሲሆን በፈረሰኛነቱ ከፍ ብሎ የናፖሌዎንን እኅት አግብቶ ከ1808 እስከ 1815 ዓመት በናፖሊ ነገሠ። በእርሱ ዘመን በ1809 ዓመት መንግሥት የልደትንና የጋብቻን የሞትንም መዝገብ ከካህናት ለይቶ በሹሞች ማስጻፍ ጀመረ። በ1814 ዓመት ደግሞ ተጥለው ለተገኙ ልጆች ኤስፖዚቶ የሚል ስም መስጠት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጸሓፊው ለእያንዳንዱ ሕፃን አዲስ ስም ማውጣት ግድ ሆነበት። በየቀኑ ብዙ ስም መፍጠር ቀላል ሥራ አይደለምና ከወር፣ ከቀን፣ ከአየሩ ሁኔታ፣ ከአበባ፣ ከአገር ስምም እየወሰዱ ይሰጡ ነበር። አንዳንዱ ጸሓፊ ግን ተሰላችቶ ወይም ሊቀልድ ወዶ ለሕፃኑ ዕድሜውን ሁሉ የሚያሳቅቅ ስም ይሰጠው ነበር። የአንዲት ደቂቃ ቀልድ በመዝገብ ከተጻፈ በኋላ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሙራ በ1815 ዓመት ተይዞ በጥይት ተገደለ፤ ስሙን የከለከለው ትእዛዝ ግን አልፈረሰም። ታዲያ ስሙ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከተከለከለ ዛሬ እንዴት እንዲህ በዛ? መልሱ ቀላል ነው። ትእዛዙ አዲስ መስጠትን ከለከለ እንጂ የተሰጠውን አልሻረም። በዚያን ጊዜ ስሙን የያዙት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም እንደ ሰው ሁሉ አገቡ፣ ወለዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሁለት ሰዎች ኤስፖዚቶ ቢባሉ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይደለም። ሌላው የቤተ ሰብ ስም ቢያንስ በአንድ መንደር ውስጥ ወደ አንድ አባት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ስም ግን በብዙ ሺህ ሌሊቶች ለብዙ ሺህ ሕፃናት በየብቻቸው የተሰጠ ነው። ትውልዱን የሚፈልግ ሰው ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያለ ወደ ላይ ወጥቶ መንኰራኵሩ ዘንድ ሲደርስ መንገዱ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው አባት ባለ ርስት ይሁን ሎሌ፣ ባሕረኛ ይሁን ወታደር መዝገቡ አይናገርም።

የናፖሊው መንኰራኵር በ1875 ዓመት ተዘጋ። ፌራራ በ1867፣ ሚላኖም በ1868 ቀድመው ዘግተው ነበር፤ በ1923 ዓመት ደግሞ በመላው ኢጣልያ በሕግ ቀረ። በ1939 ዓመት የወጣው የመዝገብ ሥርዓት ወላጆቹ ላልታወቁ ልጅ ትውልዱን የሚያስጠረጥር ስም መስጠትን ከለከለ። ቢሆንም በመታወቂያ ወረቀት ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ነበረና አባቱ ያልታወቀው ሰው በዚያ ቦታ ኤን ኤን የሚሉ ሁለት ፊደላት ይጻፉበት ነበር። ስሙ የተወለትን ነውር ወረቀቱ መለሰበት። ይህም የቀረው በጥቅምት 1955 ዓመት በወጣው ሕግ የአባትና የእናት ስም በማስረጃ ወረቀቶች ላይ እንዳይጻፍ በመደረጉ ነው። በ2000 ዓመት የወጣውም የመዝገብ ደንብ ስለ ስም አሰጣጥ ያንኑ ክልከላ ደገመው።

ዛሬ ስሙን የሚሸከመው ሰው አያፍርበትም፤ ትርጕሙንም አስቦ የማያውቅ ብዙ ነው። ነውርን ያጠፋው አዋጅ ብቻ ሳይሆን ብዛት ጭምር ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራበት ስም ማንንም አይለይምና። ፈላስፋው ሮቤርቶ ኤስፖዚቶ በጻፋቸው መጻሕፍት በብዙ አገር የታወቀ ነው። ከደቡብ ኢጣልያ ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ የፈለሱትም ስሙን ይዘው ሄደዋል። በካናዳ በበረዶ ላይ በሚደረገው የሆኪ ጨዋታ ስመ ጥር የሆኑት ወንድማማቾች ፊልና ቶኒ ኤስፖዚቶ ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ በሲኒማ የታወቀው ጃንካርሎ ኤስፖዚቶም አባቱ የናፖሊ ሰው ነበር። ኢጣልያኖች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው «ስፖ» በሚለው ላይ ይጠብቃል፤ አሜሪካኖች ግን «ዚ» በሚለው ላይ ያጠብቁታል፤ በዚህም ከላቲኑ ቃል አንድ እርምጃ ርቋል።

ስሙ ከነውር ቢነጻም ስሙን የወለደው ጭንቅ ግን አልጠፋም። የኢጣልያ ሕግ ዛሬም እናት በሆስፒታል ወልዳ ስሟ በመዝገብ እንዳይጻፍ ለመጠየቅ ይፈቅድላታል። በአንዳንድ ከተሞችም በሆስፒታሎችና በገዳማት ግድግዳ ላይ «የሕይወት አልጋ» የሚባል ሙቀት ያለው መቀበያ ተሠርቷል፤ ሕፃን ሲቀመጥበት በውስጥ ያሉትን ጠባቂዎች በመብራትና በድምፅ ይጠራል። በመንኰራኵሩና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ኤሌክትሪክ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደው ጥያቄ ግን እናት የጠየቀችው ምስጢር ለዘላለም ይጠበቅ ወይስ ልጁ አድጎ ሲጠይቅ ይገለጥ የሚለው ነው። የእናቲቱ ምስጢር ካልተጠበቀ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላይቱ ሴት ወደ ሆስፒታል ላትመጣ ትችላለች፤ ልጁም ከማን እንደ ተወለደ ሳያውቅ እንዲሞት መፍረድ ከባድ ነው። የኢጣልያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2013 ዓመት በሰጠው ፍርድ ምስጢሩ ፈጽሞ እንደማይሻር ሆኖ መቅረቱን ነቀፈ፤ በልጁ ልመና ዳኛ እናቲቱን በስውር ጠይቆ ፈቃዷን እንዲያውቅ መንገድ ተከፈተ። እምቢ ካለች ስሟ አይገለጥም።

ይኸው ፍርድ ቤት በ2022 ዓመት ደግሞ ልጅ የአባቱን ስም ብቻ እንዲይዝ የሚያስገድደውን የቈየ ልማድ ሽሮ ወላጆቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር የሁለቱንም ስም እንዲይዝ ወሰነ። ስለዚህ በናፖሊ ከዚህ ወዲህ የሚወለዱ ሕፃናት ከእናታቸው ወገን ኤስፖዚቶን ሲወርሱ፣ ከዚያም አልፎ እናቱም አባቱም ኤስፖዚቶ የሆኑ ልጅ ሲወለድ ምን ተብሎ ይጻፍ የሚል ክርክር ሲነሣ ይታይ ይሆናል።

በአኑንዚያታ ቤት መንኰራኵሩ የነበረበት ቦታ ዛሬ ለጎብኚ ይታያል። የሕፃናቱ መዛግብትም ተጠብቀዋል፤ በየገጹም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጨርቁ ቀለምና ከአንገቱ የታሠረለት ምልክት ተጽፎ ይነበባል።