የመጀመሪያውን ቤዝ ጊታር እጅ ይምረጠው

ከሠርግ ድንኳን ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የዘፋኙን ግጥም ገና አይለይም፤ ኪቦርዱም ጊታሩም በቅጡ አይሰማውም። አስቀድሞ የሚደርሰው፣ ደረትንም የሚነካው ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ሸራና ግድግዳ አልፎ ይሄዳልና። ያው ሰው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መጨፈር ሲጀምር ደግሞ ቤዙን ይረሳዋል። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ከድራሙ ጋር ተጣምሮ ምቱን ይዟል፤ ዘፈኑን ከሥር ተሸክሞታል። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን ቤዝ ለይቶ ያዳመጠ ሰው ትከሻን የሚያነሳው ነገር ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።

ይህን መሣሪያ መማር የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ቤዝ በቀለሙ ወይም በስሙ አይመረጥም፤ እጅዎ፣ ትከሻዎና ጆሮዎ ይምረጡት። ለዚህ ግን መሣሪያውን በቅርብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከኤሌክትሪክ ቤዝ በፊት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ከሰው ቁመት የማያንሰው ኮንትራባስ ነው። ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ ድምፁም በድራምና በኤሌክትሪክ ጊታር ይዋጣል። አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት፣ ድምፆችን የሚለዩ ቀጫጭን የብረት መስመሮች ስለሌሉት ተጫዋቹ እንደ ማሲንቆ ተጫዋች ትክክለኛውን ድምፅ በጣቱና በጆሮው ፈልጎ ማግኘት አለበት። በካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ራዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቤዝ እነዚህን ችግሮች ባንዴ ፈታ። እንደ ጊታር ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ በአምፕሊፋየር ይጎላል፤ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ፍሬቶችም ድምፁ እንዳይስት ያደርጋሉ። «ፕሪሲዥን» የተባለውም ለዚሁ ነው፤ ትርጉሙ ትክክለኛነት ማለት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቤዞች የዚያ መሣሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

መደበኛው ቤዝ አራት ክሮች አሉት፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብለው ይቃኛሉ። የኢ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተለመደው ጊታር ወፍራም ክር ደግሞ 82 ጊዜ። ቤዙ ከጊታሩ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል ማለት ነው። ባለ አምስት ክሩ ከኢ በታች ቢ የሚባል ክር ይጨምራል፤ ነገር ግን አንገቱ ሰፊ ነው፤ የማይመቱትን ክር ዝም ማሰኘትም በእርሱ ላይ ይከብዳል። የማይፈለግን ድምፅ ማፈን ከቤዝ ሙያ ትልቁ ክፍል ስለሆነ ጀማሪ በአራቱ ይጀምር። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም በአራቱ ክሮች ላይ በቂ ቦታ አላቸው።

ቀጥሎ የሚታየው ርዝመት ነው። ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት በአብዛኞቹ ቤዞች 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30 ኢንች የሆኑ አጫጭሮችም አሉ። በአጭሩ ላይ ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ፣ ክሩም ይለሰልሳል፤ ለልጅና እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ይቀላል። አጭር ቤዝ መጫወቻ ነው የሚሉትን አይስሙ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ የገዛው፣ ቫዮሊን የሚመስለው የጀርመን ሆፍነር ቤዝ አጭር ነው። የአንገቱም ስፋት ልዩነት አለው። ፌንደር በ1960 ያወጣው ጃዝ ቤዝ አንገቱ በመቃኛዎቹ በኩል 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፕሪሲዥን ከ41 እስከ 44 ይደርሳል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ድምፁን የሚፈጥሩት ክሩና ፒካፑ ናቸው። ፒካፕ ማግኔትና በላዩ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላዋል። ፒካፑ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ድምፁ ይወፍራል፤ ክሮቹ ከታች ወደሚታሰሩበት ብሪጅ ሲጠጋ ይቀጥናል፣ ይጠራልም። ፕሪሲዥን ከ1957 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒካፕ አለው፤ ሁለቱ ግማሾች የኤሌክትሪኩን እምምታ እርስ በርስ ያጠፋፉታል። ጃዝ ቤዝ ሁለት ፒካፕ ስላለው ድምፁን እያቀላቀሉ መምረጥ ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ሲከፍቱ ግን እምምታው ሊሰማ ይችላል። «አክቲቭ» የሚባሉት ደግሞ ውስጣቸው ባትሪ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ባለ 9 ቮልት ነው። የገመዱን ጃክ ሳይነቅሉ ከተዉት ባትሪው ቀስ በቀስ ይሟጠጣል፤ መድረክ ላይ ካለቀ ደግሞ ድምፁ አብሮት ይሄዳል። ለጀማሪ ባትሪ የሌለው ይበቃል። በዲትሮይት የሞታውን ሙዚቃ ቤትን ዘፈኖች የተሸከመው ጀምስ ጄመርሰን በፕሪሲዥን፣ እምብዛም በማይቀይራቸው ክሮች፣ በአንዲት ሌባ ጣት ነበር የሚጫወተው።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ቤዙን በማንጠልጠያው ትከሻዎ ላይ አድርገው ይቁሙ፤ ከዚያ ግራ እጅዎን ይልቀቁ። አንገቱ ወደ መሬት ከወረደ፣ በተጫወቱ ቁጥር ግራ እጅዎ ጭነት ተሸካሚ ይሆናል፤ ይተዉት። ብዙ ቤዝ ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ ይመዝናልና ለአምስት ደቂቃ ያህል እንደቆሙ ይቆዩ፤ ልምምድ ሁለት ሰዓት ሲፈጅ ትከሻዎ የሚለውን ከአሁኑ ይነግርዎታል። መዳፍዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ያንሸራትቱ፤ የሚወጋ ነገር ካለ እንጨቱ ደርቆ በመኮማተሩ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቷል ማለት ነው። ከመቃኛዎቹ በኩል ዓይንዎን አስጠግተው አንገቱን ይመልከቱ፤ መጠነኛ ጎበጥ ማለቱ ጤና ነው፣ ከተጠማዘዘ ግን አይግዙት። ከዚያ አራቱንም ክሮች በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ቀስ ብለው ይምቱ፤ የሚንጣጣ ወይም ቶሎ የሚሞት ድምፅ ካለ ይሰማዎታል። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በጣትዎ ነካ ብቻ አድርገው ይምቱ፤ ቀጥሎ እዚያው ተጭነው ይምቱ። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው።

ክሩ ከፍሬቱ ብዙ ከራቀ ጣት ቶሎ ይደክማል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መልካም ነው። ይህ በብሪጁ ብሎኖችና አንገቱ ውስጥ ባለው ብረት የሚስተካከል ስለሆነ፣ ከግዢው ገንዘብ ጥቂቱን ለሚያስተካክልልዎ ባለሙያ ያስቀሩ። «እጄ እምቢ አለኝ» ብሎ ቤዝን የተወውን ጀማሪ ብዙ ጊዜ እምቢ ያለው እጁ ሳይሆን ያልተስተካከለው መሣሪያ ነው። ያገለገለ ሲገዙም እንዲሁ ያስቡ፤ ክርና የሚንኮሻኮሽ ቮሊውም በቀላሉ ይቀየራሉ፣ የተጠማዘዘ አንገት ግን አይመለስም።

አምፕሊፋየሩም የቤዝ ይሁን፤ የጊታር አምፕ ስፒከር ያንን ወፍራም ድምፅ እንዲችል አልተሠራም፣ ጮክ ሲል ሊበላሽ ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ ሲልክልዎ በተለይ ይጠንቀቁ። ቤዙ ራሱ ግድግዳ ላይ አይሰካም፣ ምንም አይሆንም፤ አምፑ ግን የዚያ አገር 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይሰኩት። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ደግሞ የኢርፎን መሰኪያ ያለው አምፕ ከጎረቤት ጋር ያስማማል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ አራት ክር፣ ባትሪ የሌለው፣ አንገቱ ለእጅዎ የሚመች፣ ትከሻዎ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቅ፣ በባለሙያ የተስተካከለ ቤዝ ይግዙ። ከሁለት መካከል መምረጥ ካቃተዎ፣ ሻጩ «በቃ?» ሲልዎ ለማስቀመጥ የሳሳሉትን ይዘው ይውጡ። በየቀኑ የሚያነሱት እርሱን ነውና።