የፋይዳ ቁጥር ሲዘገይ ዳግም መመዝገብ ለምን አይጠቅምም?

ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመዘገበ ሰው አሻራውን ሰጥቶ ከተመለሰ በኋላ የሚጠብቀው በስልኩ የሚደርሰውን ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲዘገይ ግን «መረጃዬ ጠፍቷል» ብሎ በሌላ ጣቢያ እንደገና ለመመዝገብ የሚነሳ አለ። ባንኮች ፋይዳን በሚጠይቁበት በዚህ ወቅት ጥድፊያው አያስገርምም። ይሁን እንጂ ዳግም ምዝገባ ቁጥሩን አያፋጥነውም።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የተገነባው «ሞሲፕ» በተሰኘ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ክፍት ምንጭ ሲባል የፕሮግራሙ ኮድ ለሁሉም ይፋ የኾነ፣ አንድ ሀገር ያለ ፈቃድ ክፍያ ወስዶ ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ሊያስተካክለው የሚችል ማለት ነው። ሞሲፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረ ሲኾን ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል። ይፋ የኾነው ታዲያ ኮዱ እንጂ የተመዝጋቢው መረጃ አይደለም።

ሶፍትዌሩ አንድ ወጥ ፕሮግራም ሳይኾን የብዙ ትንንሽ አገልግሎቶች ስብስብ ነው። አንዱ መረጃ ይቀበላል፣ አንዱ ያጣራል፣ ሌላው አሻራ ያመሳክራል፣ ሌላው ቁጥር ይሰጣል፣ ሌላው መልእክት ይልካል። በመራዊ አካባቢ ያለውን የቆጋ መስኖ የሚያውቅ ሰው አሠራሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከግድቡ የሚወጣው ውኃ በዋናው ቦይ በኩል ለየብሎኩ ይከፋፈላል፤ አንዱ ብሎክ ለጥገና ሲዘጋ ሌላው መጠጣቱን አያቆምም። በሞሲፕም መልእክት ላኪው አገልግሎት ቢስተጓጎል ማመሳከሩ ይቀጥላል። አገልግሎቶቹን የሚያስተዳድረው «ኩበርኔትስ» የተባለ ሌላ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ነው። እርሱም እንደ ውኃ አባት ኾኖ የቆመውን አገልግሎት መልሶ ያስነሳል፣ ሥራ የበዛበትን በተጨማሪ ኮምፒውተር ያግዛል። የውኃ አባቱን የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ግን የግድ ያስፈልጋሉ፤ ሶፍትዌሩ በነጻ ቢገኝም የሰው ኃይሉ፣ የመረጃ ማዕከሉና መብራቱ በነጻ አይገኙም።

ለገጠሩ ነዋሪ ዋናው ነጥብ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌም ምዝገባ ይካሄዳል። የዐሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዐይኖች ብሌንና የፊት ፎቶ ከስምና ከአድራሻ ጋር ተመስጥረው በመመዝገቢያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ። የቆጋ የሌሊት ማጠራቀሚያዎች ማታ የገባውን ውኃ ለቀን እንደሚያቆዩት ኹሉ ኮምፒውተሩም መረጃውን ኔትወርክ እስኪያገኝ ያቆየዋል። መረጃው ወደ ማዕከል የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያም ተራ ይጠብቃል።

ማዕከሉ ሲደርስ አሻራውና ብሌኑ ቀደም ብለው ከተመዘገቡት ጋር ይመሳከራሉ። በእርሻ ሥራ ጣቱ የተላጠ ገበሬ አሻራው በደንብ ላይነበብ ይችላል፤ የዐይን ብሌን መነሳቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዳግም የተመዘገበ ሰው የሚያዘው በዚሁ ደረጃ ነው። ሥርዓቱ ኹለቱ መረጃዎች የአንድ ሰው መኾናቸውን ይለይና ድግግሞሹን ውድቅ ያደርጋል። ሰውየው ያተረፈው ነገር የለም፤ ይልቁንም የሌሎችን ወረፋ አርዝሟል።

ይህን ለተመዝጋቢው በዕለቱ መንገር የመዝጋቢዎች ሥራ ሊኾን ይገባል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ተመዝጋቢው በበኩሉ ሲመዘገብ የተሰጠውን የምዝገባ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ሊይዝ ይገባል፤ ቁጥሩ ሲዘገይ መረጃው የት እንደደረሰ የሚጠየቀው በዚያ ነው። ስሙ በስሕተት የተጻፈበት ሰውም የሚያስፈልገው በቀድሞው ምዝገባ ላይ እርማት እንጂ አዲስ ምዝገባ አይደለም።